ሁለት ባላ የተከለ ክለብ፦ የቲም ባዝ አገልግሎት ሲመዘን

ቲም ባዝ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የባዝ ዩኒቨርሲቲ ንብረት የነበረ የእግር ኳስ ክለብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመሥርቶ በ2009 ራሱን ከውድድር አግልሎ ፈርሷል፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በአሥር ዓመት ዕድሜው አራት ጊዜ የሊግ ደረጃውን ከፍ ያደረገ፣ የሀገሪቱ ክለቦች ትልቁ የጥሎ ማለፍ ውድድር በሆነው በኤፍ ኤ ዋንጫም ሁለት ጊዜ ማጣሪያውን አልፎ ከዋናው ውድድር የመጀመሪያ ዙር የደረሰ ክለብ ነው። የክለቦች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በዋንጫና በግብ ቁጥር ቢሆንም፣ ይህን ክለብ በዚያ ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ክለቡን ያቋቋመው ለአንድ የተለየ ደንበኛ አንድ የተለየ አገልግሎት ለማቅረብ ነበርና፣ እኔም እዚህ የምመዝነው እንደማንኛውም አገልግሎት ነው። ምን ቃል ገባ? ምን አቀረበ? ምን አስከፈለ? የቱ ላይ ጎደለ?

ደንበኛውን ለማወቅ ወደ 1990ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ እግር ኳስ መመለስ ያስፈልጋል። የሀገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር በ1997 በቴክኒክ ዳይሬክተሩ በሃዋርድ ዊልኪንሰን የተዘጋጀውን የታዳጊዎች ሥልጠና መመሪያ ካወጣ በኋላ፣ ከ1998 ጀምሮ ትልልቆቹ ክለቦች አካዳሚ እየከፈቱ ገና በልጅነት ዕድሜ ያሉ ታዳጊዎችን በብዛት መመልመል ጀመሩ። ልጁ ተስፋ የሚጣልበት ሆኖ ከተገኘ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሁለት ዓመት የሰልጣኝነት ውል ይሰጠዋል፤ አሥራ ስምንት ሲሞላው ግን ክለቡ ወይ የባለሙያ ውል ያስፈርመዋል ወይ ያሰናብተዋል፣ የሚሰናበተውም ከሚፈርመው እጅግ ይበዛል። የተሰናበተው ወጣት የልጅነት ዘመኑን በሙሉ ለኳስ የሰጠ፣ ትምህርቱን በጎን ያስኬደ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር ከሁለቱም ያጣ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። በዚያን ጊዜ የነበረው ምርጫ ጠባብ ነበር። ወይ ቀን ሌላ ሥራ እየሠራ በሳምንት ሁለት ምሽት ብቻ ከሚሠለጥን የታችኛው እርከን ክለብ ይገባል፤ ወይ ኳሱን ትቶ ወደ ትምህርት ይመለሳል፤ ወይ ደግሞ በስፖርት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ አሜሪካ ይሻገራል።

የባዝ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው አገልግሎት የሚነሳው ከዚህ ክፍተት ነው። ተጫዋቹ እንደ ባለሙያ በየዕለቱ ይሠለጥናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኩዮቹ ተማሪዎች ጋር ሳይሆን በመደበኛው የአዋቂዎች ሊግ ጠንካራ ተጋጣሚ ይገጥማል፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ዲግሪውን ይዞ ይወጣል። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል» የሚለውን አባባል ወደ ተቋም የቀየረ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲው ከመደበኛው የዲግሪ ትምህርት ጎን በስፖርት ብቃት ላይ ያተኮረ አጠር ያለ መርሐ ግብርም ስለነበረው፣ በአካዳሚ ቆይታው ምክንያት የትምህርት ውጤቱ የሳሳ ወጣት ጭራሽ በሩ አይዘጋበትም ነበር። በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ትልቁ ብልኃት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደንበኛውን ካለበት ቦታ ተቀብሎታል። ዋጋውን በተመለከተ በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በ1998 በዓመት 1,000 ፓውንድ ሆኖ ተጀምሮ በ2006 እስከ 3,000 ፓውንድ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚህ በላይ ግን ሌላ የተደበቀ ዋጋ አለ፤ ወጣቱ በሌላ ክለብ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ሳምንታዊ አበል ትቶ የተማሪ ኑሮ ይኖራል። አበሉ በዚያ እርከን ከኪስ ገንዘብ የማያልፍ በመሆኑ ግን ልውውጡ ለተጫዋቹ ያደላ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ማሠልጠኛ ቦታው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በእንግሊዝ ካሉት ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ማዕከላት አንዱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከከተማው ከፍ ብሎ በክላቨርተን ዳውን ኮረብታ ላይ የሰፈረ ሲሆን፣ በግቢው ውስጥ ያለው የስፖርት መንደር የመሮጫ መም፣ የ50 ሜትር መዋኛ ገንዳ፣ የቴኒስና የጁዶ አዳራሾች፣ የሕክምናና የስፖርት ሳይንስ ክፍሎች አሉት። በ2010 የቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ በስኬለተን፣ ማለትም በደረት ተኝቶ በበረዶ ላይ በሚደረግ የመንሸራተት ውድድር፣ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው ኤሚ ዊሊያምስ የተዘጋጀችው በዚህ ግቢ ነው። «ቲም ባዝ» የሚለው ስያሜም የእግር ኳሱ ብቻ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው ስፖርት በጠቅላላው የሚታወቅበት መጠሪያ ነው። ጨለማ ውስጥ በአንድ አምፖል፣ በጭቃ ሜዳ ላይ ለሚለማመዱት የታችኛው እርከን ክለቦች እንዲህ ያለው አቅርቦት በሕልምም የሚታሰብ አልነበረም።

አገልግሎቱን አገልግሎት ያደረጉት ግን ሰዎቹ ናቸው። የሐሳቡ ባለቤት የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር የነበረው ጌድ ሮዲ ነው። በ2000 ቡድኑን የተረከበው ፖል ቲስዴል ደግሞ በሳውዛምፕተን ያደገ፣ የተጫዋችነት ዘመኑ እንደታሰበው ያልሰመረለት፣ አሠልጣኝ ሲሆን ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። ለዚህ ደንበኛ ከዚህ የተሻለ አሠልጣኝ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ተስፋው የተሰበረን ልጅ ለማስተማር የራሱም ተስፋ በከፊል የተሰበረበት ሰው ይበልጥ ይቀርባል። ቲስዴል ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2006 ሲሄድ ሥራውን የተረከበው አንዲ ቲልሰን የብሪስቶል ሮቨርስ ተከላካይ የነበረ ነው።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን አይቮር ፓወል ነው። ፓወል በ1916 በዌልስ የተወለደ፣ ለኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስና ለአስቶን ቪላ የተጫወተ፣ ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ስምንት ጊዜ የተሰለፈ፣ በሠርጉ ቀን ሚዜው ዝነኛው የእንግሊዝ ተጫዋች ስታንሊ ማቲውስ የነበረ ሰው ነው። ፖርት ቬልን፣ ብራድፎርድ ሲቲን፣ ካርላይል ዩናይትድንና ባዝ ሲቲን ካሠለጠነ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጥቶ እዚያው ቀረ፤ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብም በሥራ ላይ ያለ የዓለም አንጋፋው የእግር ኳስ አሠልጣኝ ተብሎ ተመዝግቧል። ጡረታ የወጣው በ2010፣ በ93 ዓመቱ ሲሆን፣ ያረፈው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ኳስ መጫወት የጀመረ ሰው በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን እሱ የተወለደበትን ዘመን እንኳ በቅጡ የማያውቁ ልጆችን ሩጫ ሲያርም ማየት፣ በየትኛውም የክፍያ ሠንጠረዥ ላይ የማይጻፍ የአገልግሎቱ ክፍል ነበር።

የሜዳው ውጤት የአገልግሎቱ ማሳያ መስኮት ነው፤ በዚህ ረገድ ከ2002ቱ የኤፍ ኤ ዋንጫ የሚበልጥ ማስታወቂያ አልነበረውም። ቡድኑ በዚያን ጊዜ የሚጫወተው በዌስተርን ሊግ፣ ማለትም ከፕሪሚየር ሊጉ ብዙ ደረጃ ዝቅ ብሎ በሚገኝ የአካባቢ ሊግ ነበር። የማጣሪያ ዙሮቹን አንድ በአንድ እያለፈ መጥቶ በመጨረሻው ማጣሪያ ሆርሻምን ከአቻ ውጤት በኋላ በድጋሚ ጨዋታ፣ ያውም በመለያ ምት ጥሎ ከዋናው ውድድር ገባ። የዩኒቨርሲቲ ቡድን ከዚህ ዙር ከደረሰ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው ውድድሩ ለዩኒቨርሲቲዎች ባዕድ አለመሆኑን ነው፤ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1874 ሮያል ኢንጂነርስን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል፣ በ1880ም ለፍጻሜ ደርሶ በክላፓም ሮቨርስ 1 ለ 0 ተሸንፏል። ከዚያ በኋላ ግን ተከፋይ ተጫዋቾች ሜዳውን ወረሱትና ተማሪው ከውድድሩ ጠፋ። ባዝ የመለሰው ያንኑ የጠፋውን ተማሪ ነው፤ ልዩነቱ የኦክስፎርዶቹ የመኳንንት ልጆች ሲሆኑ የባዞቹ ክለብ ያሰናበታቸው የሠራተኛ ልጆች መብዛታቸው ነው። በኅዳር 2002 የገጠማቸው ማንስፊልድ ታውን ከሦስተኛው እርከን የመጣ ባለሙያ ቡድን ነበር፤ ጨዋታውም በእንግዳው ቡድን 4 ለ 2 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ባለሙያ ክለብ ላይ ሁለት ግብ ማስቆጠር ለተማሪዎቹ ከበቂ በላይ ምስክር ወረቀት ነበር። በ2007 ለሁለተኛ ጊዜ ከዚሁ ዙር ሲደርሱ ግን ከእነርሱ ዝቅ ባለ እርከን በሚጫወተው በቻስታውን 2 ለ 0 ተሸነፉ፤ ቻስታውን በበኩሉ ፖርት ቬልን ጥሎ እስከ ሦስተኛው ዙር ተጉዟል።

የሊጉ ጉዞ ደግሞ ይበልጥ ጽኑ ነው። በ2001 የዌስተርን ሊግ አንደኛ ዲቪዥን፣ በ2003 የዚያው ሊግ ፕሪሚየር ዲቪዥን ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ሳዘርን ሊግ አደገ፣ ከዚያም ወደ ሳዘርን ሊግ ፕሪሚየር ዲቪዥን ወጣ። በ2006-07 ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ ከሻምፒዮኑ ሌላ ማን እንደሚያድግ በሚወስነው የማለፊያ ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ በሜይደንሄድ ዩናይትድ ተረታ፤ በቀጣዩ ዓመት ኪንግስ ሊን ሻምፒዮን ሲሆን እንደገና ሁለተኛ ወጣና በዚህኛው የማለፊያ ጨዋታ አሸንፎ ወደ ኮንፈረንስ ሳውዝ፣ ወደ ስድስተኛው እርከን ገባ። በየሦስት ዓመቱ ገደማ ተጫዋቾቹ ተመርቀው የሚሄዱበት ቡድን እንዲህ ያለ ቀጣይነት ማሳየቱ የሥልጠናውን ጥራት ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይመሰክራል። እርግጥ ነው፣ ከተጋጣሚዎቹ ወገን ሁልጊዜ የሚነሳ ቅሬታ ነበር፤ በበጎ ፈቃደኞችና በሻይ ቤት ገቢ የሚተዳደር የመንደር ክለብ ዩኒቨርሲቲ ከጀርባው ካለው፣ ቀኑን ሙሉ ከሚሠለጥን ቡድን ጋር መጋጠሙ ፍትሐዊ አይመስለውም። ቅሬታው ከቅናት ብቻ የመነጨ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን በእነዚሁ እርከኖች ባለሀብት እንደ ልቡ ገንዘብ የሚያፈስባቸው ክለቦች በየዘመኑ መኖራቸውን ስናስብ፣ በትምህርት ላይ የዋለ ገንዘብ ከሁሉ ቀድሞ መወቀሱ ትንሽ ያስገርማል።

እስካሁን የመዘንኩት ለተጫዋቹ የቀረበውን አገልግሎት ነው። ወደ ተመልካቹ ሲዞር ግን ሚዛኑ ይዛባል። ባዝ ከተማ ሲጀመር የራግቢ ከተማ ናት፤ በ1865 የተመሠረተው የባዝ ራግቢ ክለብ ቲም ባዝ ከመመሥረቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1998 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። በእግር ኳሱም ቢሆን ከ1889 ጀምሮ ባዝ ሲቲ አለ፤ አባት ለልጅ ያወረሰው፣ ከ1932 ወዲህ በትወርተን ፓርክ የሚጫወት፣ በድህነቱም ቢሆን የሚወደድ ክለብ ነው። ቲም ባዝ ውድድሩ ከፍ እያለ ሲሄድ የራሱ በቂ ስታዲየም ስላልነበረው የዚሁኑ የባዝ ሲቲን ሜዳ በጋራ መጠቀም ያዘ። ሜዳው እንግዳ ማስተናገድ አዲሱ አልነበረም፤ ብሪስቶል ሮቨርስ ከ1986 እስከ 1996 አሥር ዓመት ሙሉ የተጠለለው እዚያ ነው፤ አንዲ ቲልሰንም የትወርተን ፓርክን ሣር የረገጠው መጀመሪያ በሮቨርስ ማሊያ ነበር። ልዩነቱ ሮቨርስ ሲመጣ ደጋፊዎቹን ይዞ መምጣቱ ነው። ቲም ባዝ ግን ኮረብታው ላይ ያለውን ግቢ ትቶ ከተማው ማዶ ወዳለው ሜዳ ሲወርድ ተማሪው አብሮት አልወረደም፤ የከተማው ሰውም ልቡን አስቀድሞ ሰጥቶ ጨርሷል።

ስለዚህ ትኬት ገዝቶ ለሚገባው ሰው የሚቀርበው ነገር ጥሩ ኳስ፣ ግን ባዶ ወንበር ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሚይዝ ሜዳ ላይ ጥቂት መቶ እንኳ በማይሞላ ተመልካች ፊት የሚደረግ ጨዋታ፣ ኳሱ ምንም ያህል ቢያምር፣ የልምምድ ስሜት አለው። በዚህ ላይ ተጫዋቾቹ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ፤ ደጋፊ ስሙን ለምዶ፣ ዘፈን አውጥቶለት ሳይጨርስ ልጁ ጋውን ለብሶ ይመረቃል። ክለቡ ለተጫዋቹ ጥሩ የሆነበት ምክንያት ራሱ፣ ማለትም ሰውን ተቀብሎ፣ አንጾ፣ አስመርቆ መሸኘቱ፣ ለተመልካቹ መጥፎ ያደረገው ነው። ይህን ጉድለት በጥረት ማነስ ማሳበብ አልችልም፤ ከአገልግሎቱ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ተመልካችን እንደ ደንበኛ ከቆጠርነው ግን ዝቅተኛ ነጥብ ከመስጠት በቀር ምርጫ የለኝም።

ሁለቱ የአንድ ሜዳ ክለቦች በ2006-07 በሳዘርን ሊጉ ሰንጠረዥ ላይ ባዝ ሲቲ አንደኛ፣ ቲም ባዝ ሁለተኛ ሆነው የጨረሱበት ዓመት የዚህ ታሪክ ልዩ ምዕራፍ ነው። በ2008-09 ደግሞ በኮንፈረንስ ሳውዝ ዳግም ተገናኙ። አዲስ ገቢው ቲም ባዝ ዓመቱን በ11ኛ ደረጃ አጠናቀቀ፤ በስድስተኛው እርከን ለመጀመሪያ ዓመት የሚያሳፍር ውጤት አይደለም። ያ ዓመት ግን የመጨረሻው ሆነ።

የፈረሰበት ምክንያት ከሜዳው ላይ ሳይሆን ከውሉ ግርጌ በደቃቁ ከተጻፈው የሚገኝ ዓይነት ነው። የሊጉ አስተዳደር ክለቡ በአወቃቀሩ ምክንያት ከዚያ በላይ ማደግ እንደማይችል፣ በኤፍ ኤ ዋንጫም መሳተፍ እንደማይፈቀድለት አስታወቀ። ሕጉ ክለቦች ኃላፊነቱ በተወሰነ ኩባንያ መልክ እንዲደራጁ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ቲም ባዝ ግን ራሱን የቻለ ኩባንያ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲው አካል ነበር። ወደ ላይ መውጣት የማይቻልበት፣ ስሙን ያስጠራው ዋንጫም የተዘጋበት ቡድን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ምን ሊያቀርብለት ይችላል? ክለቡ በ2009 ከሊጉ ለቀቀ።

በዚህ ውሳኔ ላይ ብዙዎች ሊጉን ይወቅሳሉ፤ እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ክለብ በኩባንያ መልክ እንዲቆም የሚጠይቀው ሕግ ያለምክንያት የወጣ አይደለም። ሒሳቡ ለብቻው ተመርምሮ እንዲታይ፣ ዕዳው የማን እንደሆነ እንዲታወቅ፣ ክለቡ ቢከስር የሚዳኝበት ሥርዓት እንዲኖር ነው። በእንግሊዝ በታችኞቹ እርከኖች በዕዳ የፈረሱ ክለቦች ቁጥር ብዙ በመሆኑ ሊጉ በዚህ ጉዳይ ጥርሱን ነክሶ መቆሙ ይገባኛል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድር፣ ለትምህርትና ለምርምር የቆመ ተቋም ነው፤ ከሥሩ የእግር ኳስ ኩባንያ መሥርቶ፣ የኩባንያውን ኪሣራ ጭምር መሸከም ቀላል ውሳኔ እንደማይሆንበት ማንም ይረዳል። ሆኖም ከደንበኛው አንጻር የምጠይቀው ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ የማን ድርሻ ነበር? ክለቡ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ሲወጣ የባለቤትነቱ ጉዳይ አንድ ቀን እንደሚነሳ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። መሰላሉን ለወጣቶች ሲሸጥ የቆየ ተቋም መሰላሉ የት ላይ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማጣራት ነበረበት፤ በግምገማዬ ዩኒቨርሲቲው ትልቁን ነጥብ የሚጥለው እዚህ ነው።

ያም ሆኖ የአገልግሎቱ ሁለተኛው ባላ አልተሰበረም። ክለቡ ሲፈርስ ዲግሪው አብሮ አልፈረሰም፤ ተማሪው ተማሪነቱን ቀጠለ። በዕዳ ለፈረሰ ተራ ክለብ ተጫዋች የሚተርፈው ያልተከፈለ ደመወዝ ሲሆን፣ ለቲም ባዝ ተጫዋች የተረፈው የምረቃ ቀን ነበር። አሠልጣኞቹም ቢሆኑ ከዚህ ቤት የወሰዱትን ሌላ ቦታ ተጠቅመውበታል። ፖል ቲስዴል በ2006 ወደ ኤክሰተር ሲቲ ሄዶ በ2008 ቡድኑን ከአምስተኛው ወደ አራተኛው፣ በ2009 ደግሞ ወደ ሦስተኛው እርከን አሳደገው፤ እዚያም እስከ 2018 ለአሥራ ሁለት ዓመት ቆየ፣ ይህም በዘመናችን ለአንድ አሠልጣኝ እጅግ ብርቅ የሆነ ዕድሜ ነው። ጌድ ሮዲ ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉ የወጣቶች ልማት ዳይሬክተር ሆኖ በ2012 ሥራ ላይ የዋለውን የአካዳሚዎች ማሻሻያ ዕቅድ መርቷል። አካዳሚ የሚያሰናብታቸውን ልጆች በኮረብታው ላይ ሲሰበስብ የኖረው ሰው በመጨረሻ የአካዳሚዎቹን ሥርዓት የሚቀርጸው ሆነ። ትወርተን ፓርክ በበኩሉ ወደ አንድ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ባዝ ሲቲ በ2010 ወደ አምስተኛው እርከን አደገ፣ በ2017ም አብላጫው ድርሻ ወደ ደጋፊዎቹና ወደ ከተማው ነዋሪዎች ተላለፈ።

ይህን የመሰለ አገልግሎት ዛሬ ለሚፈልግ ሰው አማራጭ አለ፤ የሚለያዩትም በባለቤትነት አያያዛቸው ነው። የደብሊኑ ዩሲዲ (የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ) ከ1979 ጀምሮ በአየርላንድ ሊግ የሚጫወት የዩኒቨርሲቲ ክለብ ሲሆን፣ በዶክተር ቶኒ ኦኒል አነሳሽነት የተጀመረው ነጻ የትምህርት ዕድል ከእንግሊዝ የተመለሱ ታዳጊዎችን ጭምር ሲያስተናግድ ኖሯል። በ1984 የአየርላንድን ዋንጫ ካነሳ በኋላ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ኤቨርተንን ገጥሞ በሜዳው 0 ለ 0 ተለያይቶ በመልሱ 1 ለ 0 ብቻ ተሸንፏል፤ ኤቨርተን ያን ዓመት ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ነው። በ2015ም በሁለተኛው ዲቪዥን እያለ የሉክሰምበርጉን ዱደላንዥን ከዩሮፓ ሊግ አሰናብቷል። የተመልካቹ ቁጥር ማነስ እዚያም እንደ ባዝ ይታያል፣ ግን ሊጉ ክለቡን በሩን አልዘጋበትም። በዌልስ የካርዲፍ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2016 ወደ ሀገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ገብቶ በ2019 በዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ የሉክሰምበርጉን ፕሮግሬስ ኒደርኮርንን ገጥሞ የወደቀው በድምር ውጤት እኩል ሆኖ፣ ተጋጣሚው ከሜዳው ውጭ ባስቆጠረው ግብ ብልጫ ነው። ትምህርትንና ኳስን አጣምሮ መያዝ ለሚፈልግ ወጣት የባዝን ሐሳብ ከነጥንካሬው ያገኘዋል ብዬ የምጠቁመው ይህንን ነው፤ እስከ አውሮፓ መድረክ ድረስ መንገዱ ክፍት መሆኑ በተግባር ታይቷልና።

ወደ ትልቅ ገንዘብና ወደ ትልቅ ሊግ የሚያማትር ደግሞ የሜክሲኮውን የቴኮስን ታሪክ ቢመለከት መልካም ነው። ቴኮስ የጓዳላሃራ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ክለብ ሆኖ በ1971 ተመሠረተ፤ በሳፖፓን የሚገኘው ስታዲየሙ የ1986ቱን የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎች አስተናግዷል፤ በ1993-94ም በቪክቶር ማኑዌል ቩሴቲች አሠልጣኝነት ሳንቶስ ላጉናን በፍጻሜ አሸንፎ የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ባዝ ያጣው ሁሉ ነበረው፤ የራሱ ሜዳ፣ የከፍተኛው ሊግ ፈቃድ፣ ዋንጫም ጭምር። በ2012 ከከፍተኛው ሊግ ሲወርድ ግን ዩኒቨርሲቲው ክለቡን ለፓቹካ የንግድ ቡድን ሸጠው፣ በ2014ም የተሳትፎ ፈቃዱ ወደ ሳካቴካስ ተዛውሮ በሌላ ስም መጠራት ጀመረ። ለመሸጥ የሚመች ሆኖ የተደራጀ ክለብ ይሸጣል። ለተጫዋቹ የሚበጀውን ብቻ ከጠየቅን ከቴኮስ ይልቅ ባዝን፣ ከባዝ ይልቅ ደግሞ ካርዲፍን እመርጣለሁ፤ ለመፈረም የሚቀርብ ወጣትም የሥልጠናውን ሰዓትና የትምህርቱን ዓይነት ከመጠየቁ በፊት የክለቡ ፈቃድ በማን ስም እንደተመዘገበና እስከ የትኛው እርከን እንደሚያስኬድ ቢጠይቅ ይሻለዋል።